ተሬፋ አፉን የፈታበት

ፀዳለን ከእንቅልፏ ያነቃት የባሏ ሳቅ ነው። መጀመሪያ የጎረቤት ሰው መስሏት ነበር። ተሬፋ ሲስቅ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ነገር "እህ" ትልና በዚያው ታልቃለች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር የምታውቀው ሳቅ ይኸው ነው። ይሄኛው ግን ከሆድ የሚነሳ፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አለቀ ሲሉት እንደገና የሚንከተከት ሳቅ ነበር። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ምንም አያስቀርም። የእህቱ የወርቅቱ ድምፅ አንድ ነገር ይላል፣ ተሬፋ ይቀበላታል፣ ከዚያ ሁለቱም ይፈነዳሉ። ፀዳለ ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ስባ ጆሮዋን ሰጠች። ከዚያ ሁሉ ኦሮምኛ መሃል የለየችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ላም ማለት እንደሆነ ታውቃለች፣ ሌላው የሟች አማቷ ስም ነው። ላሟና አማቷ ተገናኝተው ምን ጉድ እንደሠሩ ግን የሚነግራት አልነበረም። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ሰው የበላው ግብዣ እንዳመለጠው ሰው ሆድ ባሳት።

ተሬፋን ነሐሴ ላይ ስትሮክ መትቶት ነበር። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ዛሉ፣ አፉም ተዘጋ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ አፉ ሲፈታ በኦሮምኛ ተፈታ፤ አማርኛው ግን በሄደበት ቀረ። ሐኪሙ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚሆን፣ ልጅ ሆኖ የለመደው ቋንቋ ቀድሞ እንደሚመለስ፣ ሌላው ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል አስረዳቸውና "ታገሱት" አለ። ፀዳለ ታገሠች። መጀመሪያ መጀመሪያማ ጮክ ብላ ብትነግረው የሚገባው ይመስላት ነበር። "ውሃ! ውሃ ልስጥህ ወይ?" ትላለች፣ የግቢው ውሻ እስኪደነግጥ። እሱ ደግሞ እንደ ጨዋ እንግዳ ፈገግ ይልላታል። ወርቅቱ ከባኮ ድረስ መጥታ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ወድቃ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ "ወንድሜ መጣ፣ ወንድሜ መጣልኝ" እያለች ስታለቅስ፣ ፀዳለ በግርጌ በኩል ቆማ "ተሬፋ ሄደብኝ" እያለች ታለቅስ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያለቅሱትም ለአንድ ሰው ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የተሬፋ ነገር የሚቆረጠው ዛሬ ነው። ወርቅቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አምቦ ተቀምጣ አስታምማዋለች፣ አሁን ግን ባኮ ላይ በቆሎዋ ደርሶ ሰብሳቢ ይጠብቃል፣ ከዚህ በላይ መቆየት አትችልም። ይዤው ልሂድ ብላለች። ባኮ ሙቀት ነው፣ ለዛለው እጁ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል፣ ቀኑን ሙሉ የሚያዋራው አያጣም። ይህን ሁሉ ለፀዳለ በስልክ የነገራት ልጇ ፍሮምሳ ነው፤ ጉደር ግብርና ቢሮ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። "አንቺስ ብትሄጂ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ እማ? ማን ያናግርሻል?" አላት፣ ክፉ አስቦ ሳይሆን አዝኖላት። ፀዳለ ስልኩን ዘግታ ለተሬፋ "ሰማህ ልጅህ የሚለውን?" አለችው። አልሰማም። ሰምቶም አልገባውም።

ልብሷን ለብሳ ወደ ሳሎን ስትወጣ ሳቁ ቆመ። በጥላቻ አይደለም፤ ሰው ሲገባ ወንበር ለማስጠጋት ወሬ እንደሚቋረጠው ነው የተቋረጠው። ወርቅቱ "አካም ቡልቴ" አለቻት፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፤ ፀዳለም የለመደችውን መልስ መለሰች። ተሬፋ በግራ እጁ ሻይ ይዞ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፀጉሩን ወርቅቱ አበጥራለታለች፤ ክፍፍሉ በማይከፈልበት በኩል ነው። ፀዳለ ሄዳ በእጇ አስተካከለችው። ዝም ብሎ ጭንቅላቱን ሰጣትና ስትጨርስ ወደ እህቱ ዞሮ አንድ ነገር አለ፣ ወርቅቱም ሻዩ ትን እስኪላት ሳቀች።

ፀዳለ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። ድሮ ቅዳሜ ገበያ አብሯት የሚወጣው ተሬፋ ነበር። እሷ ትመርጣለች፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ይነጋገርላታል። ከደብረ ሲና በታይፒስትነት ተመድባ ስትመጣ አምቦ በወረቀት ላይ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ ከቢሮዋ ሁለት በር ራቅ ብሎ የሚሠራው ቀጭን ጸሐፊ ረቂቅ እያመጣ ያስተይባት ጀመር፣ ከዚያ መኖሪያ አፈላለገላት፣ ከዚያ አገባት። ኦሮምኛ ልማር ስትለው "ምን ያደክምሻል፣ እኔ አለሁልሽ" አላት። በኋላ ቢሮው የሥራ ቋንቋውን ሲቀይር እሷ ከታይፕ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ወረደች፤ ያኔም ልማር ብትለው "እኔ አለሁልሽ" አላት። ነበረላት በእውነት። አምቦ ማለት ለእሷ በተሬፋ አፍ በኩል የሚገባ ነገር ነበር፤ ዛሬ አፉ ወደ ሌላኛው ወገን ሄዶ እሷ ዘንቢሏን ይዛ ብቻዋን ቀርታለች።

ሽንኩርት ኪሎው መቶ ብር ገብቷል። "ሜቃ?" ትላለች ጎንበስ ብላ፣ ስንት ነው ለማለት፤ "ሂርኢሲ" ትላለች፣ ቀንሺ ለማለት። ና፣ ሂድ፣ ነገ፣ ዛሬ፣ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፤ የፀዳለ ኦሮምኛ ከዚህ ዘንቢል አይበልጥም። ድንች የምትሸጠው ደንበኛዋ እጇን ያዝ አድርጋ "ሃዳ ፍሮምሳ" ብላ፣ በልጇ ስም ጠርታ ማለት ነው፣ ረጅም ነገር ጠየቀቻት። ፊቷ ላይ ሐዘን አለ። ስለ ተሬፋ መሆኑ አያጠራጥርም። ፀዳለ "ጋሪ፣ ጋሪ" አለቻት፣ ደህና ነው ለማለት። ሴትዮዋ ግን እጇን ለቀቀችና ግራ በተጋባ ዓይን አየቻት። ምናልባት የጠየቀቻት እንዴት ነው ብላ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሊወስዱብሽ ነው አሉ፣ ምን ተሰማሽ ብላ ይሆናል። ምን ተጠይቃ ጥሩ ነው እንዳለች ሳታውቅ ድንቿን ተሸክማ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ ተሬፋን በረንዳ አውጥተውት ነበር። ከታመመ ወዲህ ይህ በረንዳ የእሱ ቢሮ ሆኗል። ድሮ ወደ ሥራ ሲሄድ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ የሚያልፈው ሰውዬ፣ አሁን መንገደኛ ሳያስቆም አይውልም። በከዘራው ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ እዚህ የማን የግጦሽ መሬት እንደነበረ፣ የሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ የማንን ጥጃ እንደወሰደ፣ ከብት የሚጠጣው ሆራ፣ ጨዋማው ምንጭ፣ ከየት በኩል እንደነበረ ይናገራል። ይህን ፍሮምሳ ነው አንድ ቀን የነገራት። ፀዳለ ያን መንገድ የምታውቀው ባንኩ ያለበት፣ ፋርማሲው ያለበት፣ የቀድሞ ቀበሌያችን ብላ ነው። ከአንድ በረንዳ ላይ ሆነው አንድ መንገድ ሲያዩ የኖሩ መስሏት ነበር፤ ለካ እሱ ሌላ ከተማ ነው የሚያየው፣ የዚያኛው ከተማ ነገር ደግሞ በአማርኛ አልመጣ ብሎት ይሁን ወይ ማን ይሰማኛል ብሎ፣ ሳይነግራት ኖሯል።

ማድ ቤት ውስጥ ወርቅቱ ሽንኩርቱን ተቀበለቻትና ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው መላጥ ጀመሩ። ፀዳለ ብዙ አሰላስላ "ተሬፋ ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ? እንዲህ ወሬኛ?" አለቻት።

ወርቅቱ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ልጅ ሆኖ ዝም አይልም። ሙሉ ቀን ያወራል። እናቴ ጆሮዬን በላው ይላል። ትምህርት ቤት ገባ፣ አማርኛ ተሳሳተ፣ ልጆች ሳቁ። አስተማሪውም ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።" ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አይታወቅም። "አማርኛ ሲያወራ እኔ አየሁ፤ በጭቃ እንደሚሄድ ሰው ነው። ቀስ፣ ቀስ።"

ፀዳለ ዝምተኛ ሰው አግብቻለሁ ብላ ነበር የኖረችው። ለሰውም እንዲያ ብላ ነበር የምታወራው፣ በኩራት ጭምር፤ የእኔ ባል ቁም ነገረኛ ነው፣ ቃል አያባክንም እያለች። አንድ ነገር ሲጠየቅ ጥቂት ቆይቶ፣ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ አንዴ ይናገራል። እሷ ያንን ብልህነት ነው ያለችው። በአዳራሽና በቢሮ ቢሆን እሺ፣ ግን በአልጋው ላይም እንዲያ ነበር። ከሚስቱ አጠገብ ተኝቶ እንኳ ቃሉን እየመረመረ ነበር ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣባት ሽንኩርቱን ከሚገባው በላይ ከታተፈችው።

ከቀትር በፊት ፍሮምሳ ሚኒባስ ተኮናትሮ መጣ፤ ከኋላው የተሬፋ ያጎቱ ልጅ ኦቦ ነጋሳ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ወረዱ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ በዘመዱ ሁሉ ዘንድ የተከበሩ፤ እሳቸው ያልተቀመጡበት ነገር አይቆረጥም። ምሳ ቀረበ። ተሬፋ በግራ እጁ እየበላ ወግ ጀመረ፣ እጁን አየር ላይ እያነሳ፣ የሰው ድምፅ እያስመሰለ፤ ኦቦ ነጋሳ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ፣ ፍሮምሳ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀርቶ ይንፈቀፈቃል። ፀዳለም ፈገግ ብላ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ታያለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሲያዝን ፊቷን ታጠቁራለች። "ምን አለ?" አለችው ልጇን ቀስ ብላ።

"ምንም አይደል እማ፣ የድሮ ነገር ነው" አላት። ከነሐሴ ጀምሮ የሚሰጣት መልስ ይኸው ነው። ተሬፋ እጁ እስኪዝል የተረከውን ሁሉ ፍሮምሳ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ተንኮል የለበትም። መተርጎም ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ ዕረፍት ላይ ነው።

እጅ ከታጠቡ በኋላ ኦቦ ነጋሳ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በእነሱ ወግ ታማሚው ራሱ ልሂድ ወይ ልቅር ሳይል ማንም አያነሳውም፤ የእሱ ቃል ግን የሚጠየቀው በመጨረሻ ነው። ወደ ፀዳለ ዞሩና ጥርት ባለው የመምህር አማርኛቸው "ወይዘሮ ፀዳለ፣ የቤቱ እመቤት እርስዎ ነዎት። ከእሱ በፊት የእርስዎን ቃል እንስማ። ማንም አያቋርጥዎትም" አሏት።

ፀዳለ ተነስታ ቆመች። ሌሊቱን ስታሰላስለው ያደረችውን መናገር ጀመረች። "እናንተ አማርኛ ጠፋው ትላላችሁ፤ እኔ መቼ ጠፋሁት? ያንን እጁን በየማታው በሞቀ ውሃ የማሸው እኔ ነኝ። ሾርባው ጨው ሲበዛበት ቅንድቡን እንዴት እንደሚያነሳ የማውቅ እኔ ነኝ። ቋንቋ ሳይኖረን ሦስት ወር ኖረናል፣ እግዜር ከፈቀደ እንዲሁ እናረጃለን። እናንተ ከዚህ የምትወስዱት ወንድማችሁን ነው፣ ያጎታችሁን ልጅ ነው፣ ገና ብዙ ዘመድ አላችሁ። ከእኔ የምትወስዱት ግን ቤቴን ነው። እሱ ከሄደ እዚህ ምን አለኝ?" አለች። በሕይወቷ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትተይብ የኖረች ሴት ዛሬ የራሷ ነገር ወጣላት። ፍሮምሳ አንገቱን ደፋ። ወርቅቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና "ይቅር በቃ፣ እዚህ ይሁን" አለች። ኦቦ ነጋሳም እንኳ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ፀዳለ አሸነፈች። ሁሉም ነገር አለቀ፤ የሚቀረው ለተሬፋ በቋንቋው አስረድቶ እሺ ማሰኘት ብቻ ነበር፣ እሱም ደግሞ ታላላቆቹ ካሉት አይወጣም።

ያኔ ዞራ አየችው። ተሬፋ ፈገግ ብሎ ከእሷ አፍ ወደ ኦቦ ነጋሳ አፍ፣ ከኦቦ ነጋሳ ወደ ወርቅቱ ዓይኑን እያዞረ ነበር። እህቱ ስታለቅስ ሲያይ ፈገግታውን አጥፍቶ ፊቱን አጠቆረ፤ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ወደ ፍሮምሳ ሰረቅ አድርጎ አየ። ፀዳለ ይህን ፊት ታውቀዋለች። የራሷ ነው። አሁን በምሳው ላይ ያደረገችው ነው፣ በየሠርጉና በየለቅሶው በእሱ ዘመዶች መሃል ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችው ነው። ያኔ ግን ከጎኗ ተሬፋ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ይነግራት ነበር። ዛሬ ስለ ገዛ ራሱ፣ በገዛ ቤቱ፣ እንዲህ ሲወራ ወደ እሱ ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም። እሷም አላለችም። ጮክ ብላ በሚያምር አማርኛ ስትናገርበት ነበር።

"ወይዘሮ ፀዳለ፣ ይቀጥሉ እንጂ" አሉ ኦቦ ነጋሳ።

አልቀጠለችም። ወደ ተሬፋ ወንበር ሄደችና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር። በእኔ ቋንቋ ስትኖር እንግዳ ሆነህ መኖርህን አላወቅሁም፤ እዚያ ሄደህ ሳቅ፤ እኔ እችለዋለሁ፤ ደግሞ አልችለውም፤ ልትለው የፈለገችው ይኼን ነበር። ያላት ቃል ግን ድንችና ሽንኩርት የምትገዛበት ብቻ ነው። ጉልበቱን ያዘችና "ዴሚ" አለችው፣ ሂድ ማለት ነው። ትንሽ ፈለገችና ደግሞ ጨመረች። "ባኮ ጋሪዳ።" ባኮ ጥሩ ነው። ሰው ይስቅብኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ተሬፋ አየት አደረጋት። ከታመመ ወዲህ ለሚናገሩት ሁሉ ወዲያው በጎርፍ ነበር የሚመልሰው። አሁን ግን ቆየ። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ተመለሰ። ፀዳለ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ጸሐፊ ሳለ ረቂቁን ይዞ በሯ ላይ ቆሞ ቃሉን የሚያስተካክልበት ዝምታ ነው። ወርቅቱ ልትናገር አፏን ስትከፍት ኦቦ ነጋሳ በእጃቸው ዝም አሰኟት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተሬፋ ግራ እጁን የፀዳለ እጅ ላይ አደረገና፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው እያንዳንዱን ለብቻው አድርጎ፣ "ኮቱ" አላት፣ ነይ ማለት ነው። አልበቃውም መሰል፣ ደገመው። "ቦሩ ኮቱ።" ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ያ ሁሉ ምላስ እያለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነበር። ሳይመሽ መድረስ ስለሚያስፈልግ ሾፌሩ ክላክስ ያሰማል፣ ፍሮምሳ ፍራሽ ያወጣል፣ ወርቅቱ መድኃኒቱን በፌስታል ትቋጥራለች። ፀዳለ ሁለት ሹራብ፣ የሌሊት ካልሲውን፣ መላጫውን አዘጋጀች፤ ባኮ ሹራብ እንደማያስፈልግ እያወቀች። አራት ሆነው ተሬፋን ደግፈው ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ኦቦ ነጋሳ መረቁ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበሉ፣ ፀዳለም ሰው ዝም ሲል እየጠበቀች "አሜን" አለች። ሚኒባሱ አቧራውን አንስቶ ወደ ጉደር መንገድ ታጠፈ። ተሬፋ አንገቱን ማዞር ስለማይችል ወደ ኋላ አላየም።

ግቢው ጭር አለ። በረንዳው ላይ ወንበሩ ብቻውን ቀርቷል። ፀዳለ ለማይገባው ሰው ቀኑን ሙሉ ስታወራ የከረመች ሴት ናት፤ ቡናው አልቋል፣ መብራት ጠፋ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ስትል ነበር። አሁንም አፏን ከፍታ "ወንበሩን ላስገባው..." ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ለማን ነው? ተሬፋ ባይገባውም ዓይኑን ወደ እሷ ያዞር ነበር። ያ ትንሽ ነገር ይህን ያህል ቤት እንደሚሞላ አላወቀችም ነበር። በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ኦቦ ነጋሳን ሸኝቶ የተመለሰው ፍሮምሳ እዚያው አገኛት።

አጠገቧ ተቀምጦ ትከሻዋን አቀፋት። በዚያ አሳቢ ድምፁ "እማ፣ አባባ ያለውን እንዳታስቢበት" አላት። "ነገ ነይ ሲል እኮ ነገ ማለቱ አይደለም። እንዲሁ በእኛ ወግ ሰው ሲለያይ የሚባል ነገር ነው። ማለቴ፣ ሲመችሽ፣ መንገዱም እንደምታውቂው ነው አንዳንዴ ይዘጋል፣ ሰላም ሲሆን፣ በዓል ምናምን ሲሆን ብቅ በይ እንደ ማለት ነው። ደግሞ እሱ አሁን ቀኑንም በደንብ አይለይም፣ ሐኪሙም ብሏል። እዚያ ሄደሽ ደግሞ ማንም ሳያናግርሽ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ..."

ፀዳለ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ልጇን አየችው። ሦስት ወር ሙሉ የአባቱን ረጅም ወሬ በሦስት ቃል ሲሰጣት የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ሁለት ቃል ለማስረዳት ትንፋሽ አጥሮታል።

"ተው ልጄ፣ አትተርጉምልኝ" አለችውና ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። "ይልቅ ሂድና የባኮ አውቶብስ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቅልኝ።"